ቶላ የቆጠራቸው ቃላት

ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ሱቄን አልዘጋም። ድሮም አልዘጋም ነበር፤ አሁን ግን መዝጋት እየፈለግኩ ነው የማልዘጋው። ወንዶቹ ሥራቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ አንዋር መስጊድ ውስጡ ይሞላል፣ ግቢው ይሞላል፣ የተረፈው ሰው መንገዱ ላይ ካርቶን እያነጠፈ እስከ እኔ ደጃፍ ይደርሳል። ባዶ የወረቀት ካርቶኖቼን የማልጥላቸው ለዚሁ ነው። ከዚያ የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ይጀመራል፣ መተላለፊያው ጭር ይላል፣ እኔ ከፎቶ ኮፒ ማሽኔ ጋር ብቻዬን እቀራለሁ። መርካቶ ውስጥ ሰው ከራሱ ጋር የሚሆንባት ሰዓት ብትኖር ያቺ ናት። እወዳት ነበር። ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ፣ ሻዬን እጠጣባት ነበር። አሁን ቶላ ይመጣባታል።

ቶላ የሞተው ሰኔ ላይ ነው።

አበደች የሚል ካለ ይበል፤ ምን አባቴ ላድርግ። እኔ ሰሀር ነኝ፤ ከአንዋር እስከ ሶማሌ ተራ የፈለጋችሁትን ነጋዴ ጠይቁ። ምላሷ ረጅም ነው፣ ቁጣዋ ቅርብ ነው ይላችሁ ይሆናል። ያላየችውን አየሁ ትላለች የሚል ግን አታገኙም።

ሱቄ በር ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል። ያልተጻፈ ሌላ ሥራ አለኝ፤ የሐኪም ወረቀት አነባለሁ። ነርስ ለመሆን ሁለት ዓመት ተምሬ አባቴ ሲሞት ጥዬው ሱቁን ያዝኩ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት አጥንቴ ውስጥ የቀረው የሲስተር ሔለን ብቻ ነው። ሲስተር ሔለን የበሽታና የአካል ስም ነበር የምታስተምረን፤ አጻጻፉን፣ አጠራሩን፣ አንዱ እንዴት ብዙ እንደሚሆን። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ፈገግታዋን ለበዓል እንኳ የማታወጣ ሴት። «የሕክምናን ቃል ከጅራቱ ያዢው!» ትለን ነበር። ጅራቱ «አይቲስ» ከሆነ አካሉ ተቆጥቷል፤ «ኤክቶሚ» ከሆነ ተቆርጦ ወጥቷል፤ «ኦማ» ከሆነ እባጭ አለ፤ ተጠንቀቂ። ኒሞኒያ ፊት ላይ የማይነበብ ፒ ተቀምጧል፤ የጣለችው ተማሪ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ቆማ ትማራለች። ብዙ ቁጥሩማ ጉድ ነበር። ባክቴሪየም አንድ ነው፣ ባክቴሪያ ብዙ ነው። ፎከስ አንድ ቦታ ነው፣ ፎሳይ ብዙ ቦታ ነው። አንዷ ምስኪን «ባክቴሪያዎች» ስትል፣ «የበዛውን ደግመሽ ታበዢዋለሽ እንዴ? መግቢያ ልታሳጪን ነው?» ብላ በቾክ ወረወረቻት። ዛሬ የነርስ ተማሪዎች ሥራቸውን እኔ ጋ ሲያሳትሙ አንዲት ፊደል ተሳስታ ካየሁ አላትምም። እነሱም ይስቁብኛል፤ «ዶክተሯ» ይሉኛል።

የመርካቶ ሰው ግን የሚመጣው ለፊደል አይደለም። እኛ ዘንድ ክፉ በሽታ ለበሽተኛው አይነገርም፤ ለዘመድ ነው የሚነገረው። ወረቀቱን ቀድሞ የሚያመጣልኝ ሚስት ወይ ወንድም ነው። አነብለታለሁ፤ እዚያው ቆሞ ያለቅሳል፤ እንባውን ይጠርግና «ሰሀርዬ፣ ራሱ ይዞልሽ ሲመጣ እንዲህ በይልን» ይለኛል። እኔም እላለሁ። ስም እንኳ አውጥቼለት ነበር፤ «ሽፋን» እለው ነበር። ስንቱን ሸፈንኩ! የጉበቱን ጨጓራ፣ የማኅፀኑን ቁርጠት፣ የሳንባውን ብርድ አደረግኩ። እንደ ጽድቅም እቆጥረው ነበር፤ ሰው ተደስቶ ከሱቄ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል።

ቶላ እህል በረንዳ ተሸካሚ ነበር። ኩንታል ጤፍ ትከሻው ላይ ጥሎ እየሳቀ የሚሄድ ሰው። ፊደል አልቆጠረም እንጂ ሌላውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ከመኪና ሁለት መቶ ኩንታል ሲወርድ ከሰው ጋር እያወራ ይቆጥርና አንዲት አይስትም። ነጋዴዎቹ ሲጨቃጨቁ «ቶላ ስንት አለ?» ይባላል፣ በቃ፣ ክርክሩ ያልቃል። ያለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንገቱ አበጠ። ሐኪም ቤት ካበጠው ላይ ቆርጠው ለምርመራ ወሰዱ። ታኅሣሥ ላይ ውጤቱን ያመጣችልኝ ሚስቱ አልጋነሽ ናት፤ እዚያው እህል በረንዳ እህል የምታበጥር፣ ዝም ያለች ሴት።

ወረቀቱን አየሁት። ከታች አንድ መስመር፤ በስምንት ቃል ሁሉ ነገር ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታማሚው ይህን ይዞ ይቅረብ ይላል።

«ካንሰር ነው» አልኳት።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ቀሚሴን ያዘች። «እንዳትነግሪው! በልጆቼ ይዤሻለሁ! ታላቅ ወንድሙ እንዲህ ተብሎ በሳምንቱ ነው የሞተው። ከሰማ ልቡ ይቆማል። መጀመሪያ ጸበል ላስጠምቀው፣ ይበርታልኝ፣ ከዚያ እኔው ራሴ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።»

«እሺ» አልኳት። ስንቱን እሺ ብያለሁ፤ ለእሷ ብቻ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?

በሁለተኛው ቀን ራሱ ቶላ መጣ። ትከሻው የጤፍ ብናኝ ለብሷል። ወረቀቱን የባንኮኒዬ መስተዋት ላይ ዘረጋልኝና «እህቴ፣ ሐኪም ፊት እንደ ደንቆሮ መቆም ሰለቸኝ» አለኝ። «እነሱ የሚሉትን በአፌ ማለት እፈልጋለሁ። ቃል በቃል አንብቢልኝ፣ እኔም ልበለው።»

እንዲህ ያለኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ! ሲስተር ሔለን የሆንኩ መሰለኝ። ከሥር ያለውን መስመር እያነበብኩ አስደገምኩት። «ራይት።» «ራይት» አለ፤ አንዱን ጣቱን መስተዋቱ ላይ አሳረፈ። «ሰርቪካል።» ሁለተኛውን። «ሊምፍ።» «ኖድ።» «ባዮፕሲ።» «ባዮብሲ» ሲል ሦስት ጊዜ አረምኩት፤ በአራተኛው አሳክቶት ሁለታችንም ሳቅን። «ሾውስ።» የሁለተኛውን እጁን አውራ ጣት አሳረፈ። እዚያ ላይ ቆምኩ።

ጣቶቹን አየ። ወረቀቱን አየ። «ስድስት አነበብሽ» አለኝ። «ስምንት ናቸው።»

ለካ በቃልና በቃል መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እያየ ቆጥሯል!

«የቀሩት ሁለቱ የሐኪሙ ስም ናቸው» አልኩት። እንዴት እንደ ወጣኝ አላውቅም። ደግሞ ግማሹ እውነት ነበር። ሰባተኛው ቃል «ሆጅኪን» ነው፤ በሽታውን ለይቶ የጻፈው የድሮ ሐኪም ስም መሆኑን ሲስተር ሔለን አስተምራናለች። ስምንተኛው ነው የሐኪም ስም ያልሆነው።

«ማን ይባላል?»

«ዶክተር ሆጅኪን።»

«ፈረንጅ ነው?»

«አዎ፣ ፈረንጅ።»

«ፈረንጅ አየልኝ በይኛ!» ፊቱ በራ። «እና ምን አለ?»

«የብርድ እጢ ነው አለ። ይሟሟል።»

«ቀጠሮ የለኝም?»

አልጋነሽ ስለ ቀጠሮ ምንም በይው አላለችኝም። ይሄኛው የራሴ ነው። ውሸቴ እንዲያምር፣ ቀዳዳ እንዳይኖረው ብዬ ጨመርኩበት። «ካልባሰብህ አያስፈልግም» አልኩት። በሁለት እጁ እጄን ይዞ መረቀኝ፤ ዶክተር ሆጅኪንንም መረቀው፤ ወደ ኩንታሉ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ እህል በረንዳ የቶላን ፈረንጅ ሐኪም ያልሰማ ሰው የለም። አልጋነሽ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው፣ «ፈረንጁ አያስፈልግም ብሏል» እያለ እምቢ አላት። እውነቱን እንዳትነግረው ፈራች፤ ዝም እንዳትል አንገቱ እያበጠ ነው። ጸበሉን ተጠመቀ፤ ከጸበሉ መልስ ሥራ ገባ። ግንቦት ላይ ኩንታል እንደ ተሸከመ ወደቀና ጓደኞቹ ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። የዚያን ጊዜውን ወረቀት አልጋነሽ አምጥታልኛለች። ሳንባና ጉበቱ ላይ «ፎሳይ» ይላል። ብዙ ቦታ። ሲስተር ሔለን ቾክ እየወረወረች ያስጠናችን ብዙ ቁጥር እሱ ነው። አጻጻፉ ልክ ነበር።

ለቅሶው ላይ ከጓደኞቹ አንዱ፣ «ፈረንጁ ዶክተር ሆጅኪን እንኳ ደህና ነህ ብሎት ነበር እኮ፤ ፈረንጅም ይሳሳታል ለካ!» ሲል ሰማሁት። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጋነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ጨብጬ የያዝኩት ንፍሮ ቤቴ ስደርስ እጄ ላይ ነበር።

ያም ሆኖ ራሴን አጽናና ነበር። ካንሰር ነው፣ መሞቱ አይቀርም ነበር፣ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይሰጋ ኖረ እል ነበር። ሐምሌ ላይ ኢክራ የምትባል የነርስ ተማሪ ልታሳትም መጣች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያ ስም አለ፤ ሆጅኪን። ዲ የምትባለዋን ፊደል ጥላታለች። «ዲዋን የት አባሽ ጣልሻት?» ብዬ ጮህኩባት፤ ድምፄ ለራሴ አስደነገጠኝ።

«ምነው እትዬ ሰሀር» አለች እየሳቀች፤ «ይሄ እኮ ከካንሰሮቹ ደህናው ነው። በጊዜ ሕክምና ከጀመሩ አብዛኞቹ ይድናሉ። አስተማሪያችን ከደርዘን በላይ የዳኑ ሰዎች አይቻለሁ ብሎናል።»

አጻጻፉን አውቃለሁ። አጠራሩን አውቃለሁ። እንደሚድን ግን አላውቅም ነበር፤ ሕክምናውን የሚያስተምሩት ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው። እኔ ሁለተኛው ላይ ነው ያቋረጥኩት።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ቶላ መጣ።

ኹጥባው እንደ ተጀመረ ነው። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ሻይ እቀዳለሁ። ከኋላዬ፣ መስተዋቱ ጋ፣ «ራይት» አለ። አላመንኩም። «ሰርቪካል» አለ። ዞርኩ፤ ማንም የለም። ከበሩ ባሻገር የሰጋጆች ጀርባ ብቻ። «ሊምፍ። ኖድ። ባዮፕሲ» አለ፤ ባዮፕሲን ልክ እንዳስተማርኩት አድርጎ፣ አሳምሮ። «ሾውስ።» ከዚያ ዝም። ሰው እየጠበቀ ዝም ሲል ይታወቃል አይደል? እንደዚያ ዓይነት ዝምታ። ሰላቱ አልቆ መተላለፊያው እስኪሞላ ድረስ ጠበቀኝ። ሲሄድ መስተዋቱን አየሁት፤ የጤፍ ብናኝ፣ ስድስት የጣት አሻራ።

ያልሞከርኩት የለም። ቁርኣን ከፈትኩ፤ ከቁርኣኑ ድምፅ ሥር ሆኖ በእርጋታ ቆጠረ። ሸኹን ጠየቅኩ፤ ዱዓ ሰጡኝ፤ አድርጌዋለሁ። አንድ ዓርብ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ዋልኩ። ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ከአጠገቤ «ራይት» አለ። ሳሎን ውስጥ ልጆቼ አሉ። ቢላውን ጣልኩና በልቤ እሺ፣ መዝጋቱ ይቅር፣ ሱቅ ይሁንልህ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ሱቄን አልዘጋም። የሐኪም ወረቀት ማንበብም ተውኩ። ሲመጡብኝ እቆጣለሁ፤ «ሐኪሙን ራሱን ጠይቁ! እኔ ኮፒ ነው የማነሳው!» እላለሁ። ሰው ተቀየመኝ፤ ይቀየም።

እስካለፈው ኅዳር ድረስ እንዲህ ሆኜ ቆየሁ። አንድ ረቡዕ ቅዱስ መጣ። ቅዱስ ከእኔ ፊት ለፊት ቅመም የሚሸጡት የእትዬ ሰብለ ወንጌል ልጅ ነው። እትዬ ሰብለ ወንጌል ማለት ለእኔ ጎረቤት ብቻ አይደሉም። አባቴ የሞተ ሰሞን ሱቅ ውስጥ ተደብቄ ሳለቅስ ገብተው እንባዬን የጠረጉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ሚጥሚጣ ሲለኩ በዋሉበት እጅ! ዓይኔ ተቃጥሎ ለቅሶዬ እጥፍ ሆነ፤ እሳቸው ደንግጠው፣ እኔ እያለቀስኩ፣ መጨረሻው ሳቅ ሆነ። ያቺን ቀን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

ቅዱስ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነው የገባው። «አንብቢ አልልሽም፤ ሐኪሙ ነግሮኛል» አለኝ። ወረቀቱን አየሁት። የግራ ጡት ነው። ገና ትንሽ ነው፤ ሌላ ቦታ አልሄደም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ጥገና ይደረግ ይላል።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? በጊዜ ተገኘ፤ ነገ ውሰዳቸው!»

«ሰርጌ ሚያዝያ ነው» አለኝ። «ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው ቀን ነው። ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብኛለች። የወተት እጢ ነው ብያታለሁ። አንቺን እንደምትጠይቅ አውቃለሁ፤ ከአንቺ በቀር የማንንም አታምንም። አምስት ወር ብቻ ሸፍኚልኝ።»

«አብደሃል እንዴ?» አልኩት። ብዙ ነገር አልኩት፤ መተላለፊያው ሰምቶኛል። እሱ ግን እንባው እየወረደ እጄን ያዘ፤ «ሰሀርዬ፣ እናቴ ናት፤ ሌላ የለኝም» አለ። እኔም እሺ አልኩት። ያንን የተረገመ እሺ! አፌ ለምዶታል፤ እኔን ሳያማክር ይወጣል። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አምስት ወር ቢቆዩ ምን እንደሚጻፍባቸው አውቃለሁ፤ በብዙ ቁጥር።

ዓርብ ደረሰ። ሰዉ ካርቶኑን አንጥፎ ተቀመጠ፤ ኹጥባው ተጀመረ። ቶላን እየጠበቅኩ ሳለ የገቡት እትዬ ሰብለ ወንጌል ናቸው። ሰዉ ሰላት ላይ ሲሆን ገበያ ስለሌለ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው ነው የመጡት። ወረቀቱን ከነጠላቸው ሥር አወጡና መስተዋቱ ላይ ዘረጉት። ተማሪዎች የሚቀመጡባት ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ የወተት እጢ ነው ይለኛል» አሉ። «ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ምን ወተት? ላም አደረገኝ እንዴ?»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ወረደ።

«ሰሀር» አሉኝ። «አንብቢውና የወተት እጢ ነው በይኝ። ልስማውና ልሂድ።»

ይሄን አልጠበቅኩም። እውነቱን ንገሪኝ ብለው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የፈለጉት ሽፋኑን ነው፤ በገዛ እጃቸው አምጥተው አልብሺኝ አሉኝ። ቀላል ነው እኮ፤ ሁለት ቃል ነው።

ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩ። «ሌፍት» አልኩ።

«አንድ» አለ ቶላ።

ከእትዬ ሰብለ ወንጌል አጠገብ ነው፤ ድሮ የቆመበት ቦታ ላይ።

«ብሬስት» አልኩ።

«ሁለት።»

«ባዮፕሲ።»

«ሦስት።»

«ሾውስ።»

«አራት።»

እትዬ ሰብለ ወንጌል አንገታቸውን ወደ ጎን መለስ አደረጉ። «ማነው የሚቆጥረው?» አሉ።

ሰምተውታል! እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ወላሂ፣ ጭንቅላቴ ነው እል ነበር። «ማንም የለም» አልኳቸው። ሰባት ቃል ነው፤ ሦስት ቀርቷል። ቶላ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እሳቸው ዓይኔን ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። የወተት እጢ ብላቸው ተነስተው በደስታ ይሄዳሉ፤ ሚያዝያ ላይ በሰርጉ ይጨፍራሉ፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ድንኳን ይተከላል። ያን ጊዜ ዓርብ ዓርብ ሁለት ሆነው ይመጡብኛል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያሰብኩት ለራሴ ነው። ከዚያ ግን እጃቸውን አየሁት። እርድ የነካው፣ ቢጫ፣ ያኔ እንባዬን የጠረገው እጅ።

«ኢንቬሲቭ» አልኩ። «ዳክታል። ካርሲኖማ።»

«ሰባት» አለ ቶላ።

«ካንሰር ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። «የወተት እጢ አይደለም። ካንሰር ነው።»

ጮኸው ይወድቃሉ ብዬ ከመስተዋቱ ወዲያ ዘልዬ ልደግፋቸው ተነሳሁ። አልወደቁም። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ድገሚልኝ፣ የመጨረሻዋን» አሉ። ደገምኩላቸው። «ካርሲኖማ» አሉ፤ አንድ ጊዜ ተሳስተው፣ ሁለተኛውን ልክ። ዓይናቸው ሞላ፤ አልፈሰሰም። ውጭ ኢማሙ ዱዓ ያደርጋል፤ ሰዉ አሚን ይላል።

«መድኃኒት አለው?»

«አለው! አሁን ከሆነ አለው። ትንሽ ነው፤ የትም አልሄደም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቆርጠው ያወጡታል። አምስት ወር ከቆዩ ግን እኔንጃ፤ አላውቅም።»

«አምስት ወር ያለው ማነው?» አሉ። ከዚያ ገባቸው። «አዬ ቅዱስ! አዬ የኔ ልጅ!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው ወረደ። «እናቴ በድንጋጤ ትሞታለች ብሎ ነው አይደል? እሱ ነው እኮ በድንጋጤ የሚሞተው። አንቺ ማወቄን እንዳትነግሪው፤ እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። ሰኞ በጠዋት ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። አንቺም ትሄጃለሽ፤ የሚሉትን ትነግሪኛለሽ፤ ሳትቀንሺ።»

«እሄዳለሁ፣ እትዬ።»

ወረቀታቸውን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። ከበሩ ሲደርሱ ከዱካዋ አጠገብ ያለውን ቦታ ዞር ብለው አዩት፤ ቶላ ያለበትን። አማተቡና ወጡ።

እኔም ይሄው አለቀ ብዬ አሰብኩ። የጠበቀኝ ለዚህ ነበር፣ ሰው አስጥዬለታለሁ፣ አሁን ይሄዳል ብዬ። ሰዉ ለሰላት ቆመ፤ የድምፅ ማጉያው አላሁ አክበር አለ። ወንበሬ ላይ ተዘረርኩ።

«ራይት» አለ ቶላ።

«ያ ረቢ! ምን ቀረህ?» ብዬ ጮህኩ። ደጃፌ ላይ ያሉት ግንባራቸው ካርቶኔ ላይ ነው፤ ማንም ቀና አላለም። «ሰርቪካል» አለ፤ «ሊምፍ፣ ኖድ» አለ። ቁጣ የለበትም፤ አይቸኩልም። ያኔ ገባኝ። የሌላ ሰው ወረቀት ለእሱ ምኑ ነው? እሱ ከታኅሣሥ ጀምሮ የቆመው ለራሱ ወረቀት ነው። «ባዮፕሲ። ሾውስ» አለና ዝም አለ።

ተነሳሁ። መስተዋቱ ፊት ለፊት፣ ሰው እንዳለ አድርጌ ቆምኩ። አንድም ጊዜ እንዲህ ፊት ለፊት ቆሜለት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር።

«ሆጅኪን» አልኩ። «ሰባት። የሐኪም ስም ነው፣ ግን እሱ አንተን አላየህም፣ ድሮ የሞተ ሰው ነው። ሊምፎማ። ስምንት። ካንሰር ነው፣ ወንድሜ። ቀጠሮም ነበረህ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅረብ ነበር የሚለው፤ አያስፈልግም ያልኩህ እኔ ነኝ።»

መስተዋቱ ላይ ሰባተኛው አሻራ ታየ። ከዚያ ስምንተኛው። «ሊምፎማ» አለ ቶላ፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ አሳምሮ፣ አንዲት ድምፅ ሳይስት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይርገመኝ ብዬ ተመኘሁ። ድምፁ ውስጥ ግን ቂም የሚባል ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ገና አሁን እንደ ተቀበለ ሰው፣ ነገ በጠዋት ተነስቶ ሊሄድ እንዳሰበ ሰው አድርጎ ጠየቀኝ።

«መድኃኒት አለው?»

«ነበረው» አልኩት።